ያጨበጨብንለት ኡኡታ

ንገሩን ያሉኝ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ባለፈው ሰንበት አራት ሆነው መጡ፤ ሁለቱ መቀመጫ አጥተው ደጃፉን ተደግፈው ቆሙ። "እማማ አስካለ፣ ለአቅመ ደካሞች ቤት ማደሻ ብለን ርችት ልንተኩስ ነው። ድሮም እዚህ ከተማ ርችት ተተኩሶ ነበር ይባላል፤ እርስዎም ነበሩ አሉ። ይንገሩንና በምናወጣት መጽሔት ላይ እናስገባዋለን" አሉኝ። አንደኛዋ፣ የጎረቤቴ የልጅ ልጅ፣ "ደስ የሚለውን ደስ የሚለውን እንግዲህ" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብዬ ያችን ቀን ሳገላብጣት ደስ የሚለው እፍኝ አልሞላ አለኝ። እሱንም ቢሆን አልደብቃችሁም፤ ከእሱ ልጀምርላችሁ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ትልልቆቹን ሰብስበው ያስተምሩ በነበረበት ዘመን ነው። ስለዚህ ወዲያ ወዲህ ካልኩባችሁ ታገሡኝ፤ መንገዱ አይጠፋኝም።

ያኔ ከተማችንን እኛ አሰበ ተፈሪ እንላት ነበር፤ ከተራራው የሚወርዱት ደግሞ ጭሮ ይሏታል። አንዱ ገበያ ላይ ሁለቱም ስም ይጠራል፣ ማንም ማንንም አያርምም። ባጃጅ የሚባል ነገር አልታየም። አቀበቱም ቁልቁለቱም በእግር ነው። ጫት የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ብቻ ሰው፣ አህያ፣ ዶሮ ሁሉ አስፋልቱን ለቆ ጥግ ይይዛል፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሁሉም መሀል መንገዱን ይወርሳል። የእኔ ሻይ ቤት ወደ መናኸሪያው ከሚወርደው መንገድ ዳር ነበረች። ቆርቆሮ ናት፤ ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት ከመንገድ ሥራ የተረፈ ሰማያዊ ቀለም አምጥቶ ፊቷን ብቻ ቀብቷት ነበር፤ ጀርባዋ እንደ ዛገ ቀረ። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ በወተት ሲሆን ሃምሳ። ሳምቡሳዬን ምስር ብቻ ሳይሆን ቃሪያና ሽንኩርት አብዝቼ ስለምሠራ ከድሬዳዋ የሚመጡ ሾፌሮች እንኳ "የአስካለን ሳንቀምስ አናልፍም" ይሉ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ አንዲት ሳምቡሳ የገዛችበትን ስትነግረኝ "የሳምቡሳውን ሱቅ ነው የገዛሽው?" እላታለሁ።

አለባበሱስ ቢሆን። ከድሬዳዋ በባቡር እስከ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶ በመኪና የሚወጣ ሰልባጅ ነበር፤ እሱን ያልለበሰ ጎረምሳ አልነበረም። ሱሪው ከታች ሰፊ፣ ሸሚዙ አንገትጌው የውሻ ምላስ የሚያህል። ሴቱ ናይለን ሻሽ ያሰረች እንደሆነ ሐረር ዘመድ አላት ማለት ነው። ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት፣ መታጠፊያው ላይ፣ ካሴት የሚሸጥ ሰውዬ ነበረ። አንዱን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል። ክሩ ሲረግብ የዘፋኟ ድምፅ እንደ ወንድ ይጎረንናል፤ እኛም እንደዚያው እያጎረንን አብረናት እናንጎራጉር ነበር። በኋላ ሬዲዮ ላይ ትክክለኛ ድምፅዋን ስሰማ ሌላ ሰው መሰለችኝ። አሁን መታጠፊያው ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ ሰውዬው የት እንደገባ እንጃ።

ወተቴን የምታመጣልኝ ሙሚና ትባል ነበር። ቤቷ ከሻይ ቤቴ ጀርባ በሚጀምረው ተራራ ላይ፣ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ አቀበት፣ ከጫትና ከማሽላው እርከን መሀል ነው። ጠዋት አስፋልቱ ላይ ጭጋጉ ሳይነሳ ቅሏን በጨርቅ ጀርባዋ ላይ አዝላ ትደርሳለች። ቅሉ በእንጨት የታጠነ ስለሆነ ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ተሳፋሪው ያንን ነበር የሚወደው። ባሏ ኡመሬ ደግሞ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ ገደሉን እንደ ፍየል ሲወርድ ከሻይ ቤቴ ጓሮ ቆሜ አየዋለሁ። ጫቱን ሸጦ ሲመለስ ገብቶ ሻይ ይጠጣል፤ ስኳር በአራት ማንኪያ። "ኦቦ ኡመሬ፣ ሻይ ነው ወይስ ስኳር ነው የምትጠጣው?" ስለው "ሻዩ ስኳሩን ለማርጠብ ነው" ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ሙሚና አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፣ የእኔም ኦሮምኛ ከዚያ አይሻልም፤ ግን ስንቀመጥ የማናወራው ነገር አልነበረም።

የተጣላነው በውሃ ነው። ክረምት ነበር። አንድ ሾፌር ሻዩን ቀመሰና "እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ወተቱን ዝናብ መታው እንዴ?" አለ። ቤቱ ሞልቷል፣ ሁሉም ሳቀ። እኔ በሰው ፊት መሳቂያ መሆን አልወድም። በማግስቱ ሙሚና ቅሏን ስታወርድ፣ እነዚያው ሰዎች ተቀምጠው፣ "ሙሚና፣ ላምሽ ወንዝ ውስጥ ቆማ ነው የምትታለበው?" አልኳት። ዳግመኛ ተሳቀ። አሁን የእኔ ተራ ሆነ ማለት ነው። ሙሚና መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም፤ ፊት ለፊቷን አየችኝ። ከዚያ "ማሊፍ? ለምን እንዲህ ትያለሽ?" አለችኝ። "ወላሂ፣ እኔ ወተት ላይ ውሃ አላውቅም።" ወደ ምድጃዬ ዞርኩ። ቅሏን መልሳ አዘለች፣ ሳትሸጥ ያንን ሁሉ አቀበት ተመለሰች። ክረምት ላይ ላም እርጥብ ሳር ስትበላ ወተቷ እንደሚቀጥን እኔ አሰቦት ቆላ ከብት መሀል ያደግሁ ሰው አጥቼው አይደለም። አውቀዋለሁ። ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ ማወቄ ምን ዋጋ አለው። እሷ ትምጣ ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷም ልካ ትጥራኝ ብላ ይሆናል የቀረችው። ሦስት ሳምንት ከሌላ ሴት ወተት ገዛሁ፤ እሱም ቀጭን ነበር።

ርችቱ የመጣው በዚያው መሀል ነው። ጋሽ በላቸው የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ የእሳቸውን ስም በክፉ እንዳትይዙብኝ። ያን ጊዜ ከተራራ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወርደው። ቀኗ ሳይደርስ ቀድማ ከመጣች ደግሞ ማረፊያ የላትም፤ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትተኛለች። ጋሽ በላቸው አንዲቷን በዝናብ አይተዋት ነው አሉ እንቅልፍ ያጡት። "ከገጠር ለሚመጡ እናቶች አንድ ማረፊያ ክፍል እንሥራ" ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ስብሰባውም እኔ ሻይ ቤት ነበር። ገንዘቡን በምን እንሰብስብ ሲባል አንዱ ቴአትር አለ፣ አንዱ ቶምቦላ አለ፣ ቴአትሩም ቶምቦላውም አልጣመንም። የከተማችን ልጅ የሆነ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ርችት ልስጣችሁ ብሎ ላከ። ርችት ከመሀላችን ያየው አምሳ አለቃ ደጀኔ ብቻ ነበር። እኔ ነኝ የምተኩሰው ብሎ ተነሳ።

"አምሳ አለቃ፣ የራስህን እጅ እንዳትተኩሰው" አለው ከኮሚቴው ያለው አናጢ።

"እኔ መድፍ የተኮስኩ ሰው ነኝ!"

"መድፉስ መታ?"

"እሱን ጠላትን ጠይቀው።"

እንዲህ እየተሳሳቅን ነበር። ትኬቱ ለትልቅ ሰው አንድ ብር፣ ለልጅ በነፃ ተባለ። ርችቱ ግን መንገድ ላይ ዝናብ ይዞት ዘገየና ከገበያው ቀን በኋላ ደረሰ። ይሄ ነው ነገሩን ያበላሸው። በገበያ ቀን ቢሆን የተራራው ሰው ሁሉ ወርዶ ወሬውን ይዞ ይመለስ ነበር። ድምፅ ማጉያ የያዘችው መኪናም ብትሆን አስፋልቱን ይዛ ወጣች፣ ወረደች፤ ከአስፋልቱ ውጪ ጭቃው አያስኬዳትም። ለዚህ ብለው ነው ጋሽ በላቸው ነጋዴ ሴቶችን ሰብስበው፣ "ይሄ ነገር ሰማይ ላይ ነው የሚፈነዳው። ገጠሩ እንዳይደነግጥ ሁላችሁም ተራራው ላይ ለምታውቁት ሰው ንገሩ" ያሉን። እየዞሩ ደለደሉን። እኔ ዘንድ ሲደርሱ "አስካለ፣ ከጀርባሽ ያለው ተራራ የአንቺ ነው። ወተት አምጪሽ አለች" አሉ።

"እሺ ጋሼ" አልኳቸው።

መጣላታችንን አያውቁም። ሁለት ቀን ነበረኝ። በመጀመሪያው ቀን ዘነበ፤ ነገ እልካለሁ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ከሻይ ቤቴ ጓሮ ቆሜ፣ ከሙሚና ሰፈር እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት አየሁ። አውቃታለሁ፤ ጠርቻት "ስትመለሺ ለሙሚና ዛሬ ማታ ርችት አለ፣ ኑና እዩ፣ ተኩስ እንዳይመስላችሁ በያት" ብላት ያለቀ ነገር ነው። አፌ ድረስ መጣ። ከዚያ "ሙሚና ምን ትላለች? አስካለ ቀድማ ላከችብኝ፣ ጥፋተኛ መሆኗን አምና ለመነችኝ ትላለች" አልኩ በልቤ። ሴትዮዋ በአጠገቤ አለፈች፣ "ነጋያ?" አለችኝ፣ "ነጋያ" አልኳት። ሄደች። ገብቼ ፀጉሬን ተሠራሁ፣ ሐረር ያለች እህቴ የላከችልኝን አረንጓዴ ጀርሲ ለበስኩ።

ወጣቶቹ ይሄን ላያውቁት ይችላሉ፤ አሁን ሁሉም ስልክ ይዟል። ያኔ ክፉ ነገር ሲመጣ የሚያስጠራው ጥይት ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተሰማ የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ እሳት ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ ዘራፊ ይሁን አይጠየቅም። የሰማው ኡኡ ይላል፤ ያንን የሰማ ከሚቀጥለው ተራራ ይቀበለዋል፤ እሱን ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለው። "ኢያ" ይሉታል። ወንዱ እጁ ላይ ያገኘውን ይዞ ይወጣል፤ መጥረቢያ የያዘ መጥረቢያውን፣ ውሃ የቀዳ ጄሪካኑን፣ ቃሬዛም ሳይያዝ አይኬድም። ደርሶ "ምን ሆናችሁ?" ይላል እንጂ ቤቱ ተቀምጦ አያጣራም። አንድ ጊዜ ከእኔ በታች ያለው የዘይት መጋዘን ሲቃጠል እንዲህ አድርገው ነው ያተረፉን። ኡመሬ የሻይ ቤቴን ቆርቆሮ በእርጥብ ጭቃ እየመረገ እሳቱን ከለከለልኝ፤ እጁ ላይ ጠባሳው ቀርቶ ነበር።

ኳስ ሜዳው ሞላ። እንደዚያ ሲሞላ አይቼ አላውቅም። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ታጥቦ ነበር፤ ቆሎ ሻጩ፣ ሸንኮራ ሻጩ፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት አስተማሪዎችና የጤና ጣቢያው ሰዎች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የመጡ ባልቴቶች፣ ሁሉም ነበረ። አጠገቤ ጎረቤቴ ብርቄ ተቀምጣለች። ልክ ሲጨልም፣ አንድ ሰዓት ላይ ይመስለኛል፣ አምሳ አለቃ ክብሪቱን ጫረ። መጀመሪያ ሦስት ነጭ። ተከታትለው ነው የወጡት። ድምፁ ተራራው ጋ ሄዶ ተመለሰና እንደገና ስድስት ሆነ። ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ከዚያ ቀይ ወጣ፣ አረንጓዴ ወጣ፣ ወርቅ የመሰለ ወጥቶ እንደ አደይ አበባ ተዘረገፈ። ልጆቼ፣ ውሸት አልናገርም፤ ያምር ነበር። ዓይነ ስውሩ የኔ ቢጤ እንኳ "ምን ዓይነት ነው አሁን? ምን ዓይነት ነው?" እያለ ሰው ያስቸግር ነበር፤ ብርቄም "እንደ ሙሽራ ቀሚስ ነው" እያለች ትነግረዋለች። ደስ የሚለውን ያላችሁኝ ይሄው ነው። እዚህ ላይ ያልቃል።

አምሳ አለቃ ቀጣዩን እስኪያዘጋጅ ጋሽ በላቸው ማይኩን ይዘው ለማመስገን ተነሱ። ያኔ ነው ከላይ የተሰማው። መጀመሪያ ከእኔ ጀርባ ካለው ተራራ፣ ቀጥሎ ከወዲያኛው፣ ቀጥሎ ራቅ ካለው፤ ኡ… ኡ… ኡ… እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ። ጋሽ በላቸው ፊታቸው በራ። "ስሙት! ተራራውም እልል አለልን! አጨብጭቡላቸው እንጂ!" አሉ።

አጨበጨብን። ሜዳው ሙሉ።

ብርቄን "ይሄ እልልታ አይደለም" አልኳት በጆሮዋ።

"አንቺ ደግሞ ደስታ አይዋጥልሽም" አለችኝ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቆላ ስሰማው ያደግሁት ነው፤ ከእልልታ ጋር አይምታታብኝም። ተነስቼ ማይኩ ጋ መሄድ እችል ነበር። ሰው እየጋፋሁ ሃያ እርምጃ ብራመድ ነው። "ለምን አልነገርሻቸውም?" ብለው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቢጠይቁኝስ? እጄን አየሁት፤ ያጨበጭባል። አምሳ አለቃም ቀጠለ። እሱ በተኮሰ ቁጥር ከላይ ያለው ጩኸት ይበረታል፣ እሱ በበረታ ቁጥር እኛ እናጨበጭባለን።

ርችቱ አልቆ ሰው ሊበተን ሲነሳ ነው የደረሱት። በሰፊው መንገድ የመጡት ናቸው፤ አስራ አምስት፣ ሃያ ወንዶች። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ዱላ የያዘ አለ፣ መጥረቢያ የያዘ አለ፣ በውሃ የተነከረ ጆንያ ትከሻው ላይ የጣለ አለ። ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመው ሸንኮራ የሚመጠውን ሰው እያዩ ያለከልካሉ። አንድ ጢሙ ነጭ የሆነ ሽማግሌ ወደ ፊት መጥቶ "እሳቱ የታለ?" አለ።

ሜዳውን ዞሮ አየው።

"ማን ሞተ?"

ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ሳቁ። አንዱ "አባባ፣ እሳቱ ሰማይ ላይ ነበር፤ ዘገያችሁ" አለው፤ ሌላው ሳቁን አበረታ። ጋሽ በላቸው ሮጠው መጡ። "አይዟችሁ፣ ምንም የለም፣ ርችት ነው። ለበጎ ሥራ ነው። እንዲያውም ለእናንተ ነው እኮ፤ ለእናንተ እናቶች ማረፊያ ክፍል ልንሠራ ነው" አሉ።

"ለእኛ ነው?" አለ ሽማግሌው።

"ለእናንተ ነው።"

"ለእኛ ከሆነ ለምን ለእኛ አልነገራችሁንም?"

ጋሽ በላቸው ዞር ብለው በዓይናቸው ነጋዴ ሴቶቹን ፈለጉ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁና መልሼ አሰርኩት።

ያኔ ከእኔ ሻይ ቤት በኩል ሌሎች አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ብቅ አሉ። ቃሬዛው ባዶ አልነበረም። ቁስለኛ ይኖራል ብለው ለእኛ ያመጡት ቃሬዛ ነው፤ ላዩ ላይ የተኛው ግን ከእነሱ አንዱ ነው። ገደሉን በአቋራጭ ሲወርድ፣ ልክ ከሻይ ቤቴ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ጭቃው አንሸራቶት ወድቆ ነው። ሲያሳልፉት ሰው ተከፈለላቸው፤ እኔ አጠገብ ሲደርሱ ሽርጡን አወቅኩት። ኡመሬ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ጥርሱን ነክሷል። ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ "ነጋያ? ቤትሽ ደህና ነው?" አለኝ።

የጤና ጣቢያው ሰዎች እዚያው ሜዳው ላይ ስለነበሩ ቶሎ ደረሱለት። የዳሌው አጥንት ነው አሉ። በማግስቱ ጫት በሚጭን መኪና ወደ ሐረር ወሰዱት። ሁለት ወር ቆይቶ በምርኩዝ ተመለሰ።

እርከን ላይ የሚሠራ ሰው በምርኩዝ ምን ያደርጋል? ጫቱን ምርቱን እኩል ሊካፈል ለሌላ ሰው ሰጠው። ላሟ ተሸጠች። ሙሚና ወተት የምታመጣበት ምክንያት አበቃ፤ ሳንታረቅ ሳንጣላም ቀረን። አንድ ቀን ጨከንኩና ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ወጣሁ። ሙሚና በሩ ላይ ተቀበለችኝ፣ "ግቢ፣ ግቢ" አለችኝ፣ ከጎረቤት ወተት ተበድራ አጠጣችኝ። ኡመሬ መደቡ ላይ ተጋድሞ ሲያየኝ "ስኳር መጣ!" ብሎ ቀለደ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። እንድነግራችሁ አደራ ተሰጥቶኝ ነበር፣ በእልህ ዝም አልኩ፣ ይቅር በሉኝ ልላቸው። ሙሚና ግን ገና ስለ እግሩ አንስቼ ሳልጨርስ "የአላህ ቀደር ነው። ሰው ምን ያደርጋል" አለችኝ። እኔም ከዚያ ቃል ኋላ ተደበቅኩ። "አዎ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው" አልኩና ወተቴን ጨርሼ ወረድኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ነው። የራሴን ሥራ ለእግዚአብሔር ሰጠሁት።

ለጋሽ በላቸው ግን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ራሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ጎብጠው ነበር። "አይ አስካለ" አሉኝ፣ "የተነሳው እኮ ተራራ ሙሉ ሰው ነው። አንቺ አንድ ቤት ብትነግሪ ምን ይለወጥ ነበር? ያ ሁሉ ሰው ሲወርድ እሱ ብቻውን ይቀር ነበር?" እውነታቸውን ነው አልኩ። ይችን ቃል እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አሰርኳት። ሌሊት ስነቃ እሷን እላለሁ፤ አንድ ቤት ብነግር ምን ይለወጥ ነበር? ተራራ ሙሉ ሰው ነው። ስንት ዓመት አስተኝታኛለች።

ክፍሉ ተሠራ። ጋሽ በላቸው ራሳቸው ጭቃ እየረገጡ። ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት። ጥቂት ዓመት እናቶች አረፉበት፤ በኋላ ሌላ ትልቅ ሕንፃ ሲመጣ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ሆነ፤ አሁን የቆመበትን ባልፍም አለየውም። ጋሽ በላቸው አረፉ፣ አምሳ አለቃም አረፈ። ኡመሬ በሦስተኛው ክረምት ሞተ፤ የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ በገበያተኛ ነው። ሙሚና ልጇን ይዛ ሚኤሶ ወንድሟ ዘንድ ወረደች። አንድ ቀን ሄጄ እነግራታለሁ እል ነበር። ሚኤሶ ሩቅ አይደለም፤ አሁን እንኳ ጠዋት ወርዶ ከሰዓት መመለስ ነው። ለለቅሶ አሰቦት ስመላለስ በሚኤሶ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። መኪናው ቆሞ ሐብሐብ ሲገዛ በመስኮት አያለሁ፣ አልወርድም።

እናንተ ርችታችሁን አትተኩሱ አልልም፤ ተኩሱ። ከእኔ ቤት ጀርባ ያለውን ተራራ ግን ለእኔ ዓይነቱ አትስጡት። ራሳችሁ ውጡ።

ዘይነባን ያገኘኋት መናኸሪያው ላይ ነው፤ የሙሚና ልጅ። ኡመሬ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እኔም ሻይ ቤቱን ትቼ ዱላ ይዤ ነበር። ከሚኤሶ ጨርቅ ለመግዛት መጥታ፣ የአባቷን ቁመት ይዛ፣ ከሩቅ አውቃኝ መጣች። "እማ አስካለ! አንቺ አለሽ?" ብላ እጄን ሳመችኝ። እናትሽስ አልኳት። "እናቴ አረፈች፤ ዓመት ሞላት" አለችኝ። የመናኸሪያው ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። ቢያንስ ለልጇ ልንገር ብዬ "ልጄ፣ ያን የርችቱን ቀን…" አልኩና ጀመርኩ። ዘይነባ አላስጨረሰችኝም። ፈገግ አለች። "እሱን ቀን እቤት ስንት ጊዜ አውርተነዋል። አባቴ አንቺን እንዴት ይወድሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?" አለችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ኡኡታው ሲነሳ ወንዶቹ ሁሉ እኛ ደጅ ተሰበሰቡ" አለች። "እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ ርችት መጽሐፍ ላይ በስዕል አይቻለሁ። 'ይሄ ጥይት አይደለም፤ ጥይት ቀለም የለውም። ይሄ ርችት ነው፣ ከተማው ደስታ አለው' አልኳቸው። ሰሙኝ። ሽማግሌው እንኳ እውነቷን ነው ብሎ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ሊበተኑ ነበር። አባቴ ነው እንቢ ያለው። 'አስካለ ደስታዋን ለብቻዋ አትበላም' አለ። 'ደስታ ቢሆን ትልክብን ነበር። አልላከችም። ክፉ ነገር አግኝቷቸዋል' አለና ቃሬዛውን ተሸክሞ ቀድሟቸው ወረደ። እሱን አይተው ነው ሌሎቹ የተከተሉት።"